የሐጂ ቮልስና የፒያሳ አቧራ



ዛሬ ስለ መኪና ቀለም እናወራለን። «እኛ መኪና መች አለንና?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኛም የለንም። ፒያሳ ተወልደን ያደግን ሦስት ጓደኛሞች ነን፤ ትምህርት ጨርሰን ሥራ ስናጣ ባልዲና ስፖንጅ ይዘን መንገድ ዳር የሰው መኪና ማጠብ ጀመርን። ይኸው እስከ ዛሬ እንጀራችን እሱ ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ይህን የምንጽፈው ሙያው ውስጥ ላሉ፣ ሊገቡበት ለሚያስቡ፣ እንዲሁም የአባቱን ወይም የአጎቱን መኪና ቅዳሜ ቅዳሜ ለሚያጥብ ወጣት ነው። የምናወራው ስለ ጥፋታችን ስለሆነ ትንሽ ያሳፍረናል። ግን ከዚህ ጽሑፍ በኋላ አንድ ሰው መኪና ከመበላሸት ከተረፈ እፍረቱን እንችለዋለን።

የምንሠራበት ቦታ ከበኒ መስጂድ ብዙ አይርቅም ነበር። ጁሙዓ ቀን ሰጋጆች ቁልፋቸውን ሰጥተውን ይገባሉ፤ ሰላቱ አልቆ ሲወጡ መኪናቸው ታጥባ ትጠብቃቸዋለች። ሥራው ቀላል ነበር፤ ጭቃ ማስለቀቅ፣ መስታወት መወልወል፣ ምንጣፍ ማራገፍ፣ ጎማ ማጥቆር። ማጠብ ብቻውን ግን የሦስት ሰው ቤት አያቆምም። አንድ ቀን አንዱ ደንበኛችን «ፖሊሽስ አትሠሩም?» አለን። ለአንድ ፖሊሽ የሚከፈለው አሥርና አሥራ አምስት መኪና አጥበን የምናገኘውን ያህል ነው። «እንሠራለን!» አልን። አንሠራም ነበር። ማሽኑን ከምናውቀው ልጅ ተውሰን፣ ስልክ ላይ ሁለት ሦስት ቪዲዮ አይተን ገባንበት። ቪዲዮዎቹ ላይ የወደድነው ማሽኑ ሲዞርና ቀለሙ ሲያበራ የሚያሳየውን ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ክፍል አሰልቺ መስሎን ዘለነው። ጥፋታችን የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

በ2016 ፒያሳ የነበረ ሰው አቧራውን አይረሳውም። የካቲት ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ለኮሪደር ልማቱ ማፍረሱና ቁፋሮው ተጀመረ። ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ልጅ ሆነን ኳስ ያሳደድንባቸው ሰፈሮች በሳምንታት ውስጥ ሜዳ ሆኑ። የ1445 ረመዳን የገባው በዚያው መጋቢት ነው። ጾመን፣ አፍና አፍንጫችንን በጨርቅ ሸፍነን እናጥባለን፤ ያጠብነው መኪና ገና ሳይደርቅ መልሶ አቧራ ይለብሳል። ነጩም፣ ጥቁሩም፣ ሰማያዊና ነጩ ታክሲም አንድ ቀለም ሆኑ፤ የሲሚንቶ ቀለም።

በሰፈራችን ሁላችንም «ሐጂ» እያልን የምንጠራቸው አባት አሉ። ግቢያቸው ውስጥ ከእኛ ዕድሜ በእጥፍ የምትበልጥ ሰማያዊ ቮልስ ነበረቻቸው። ልጆች ሳለን መድረሳ ሲያደርሱን አምስት ስድስት ሆነን ከኋላ ወንበር ላይ እንታጨቅባት ነበር። በዚያ ሰሞን የሐጂም ቤት ከሚነሱት ውስጥ ገባ። የሚሄዱበት አዲስ ቤት ፎቅ ላይ ነው፤ መኪና የሚያስገቡበት ግቢ የለውም። ዓይናቸውም ስለደከመ መንዳት ካቆሙ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ሊሸጧት ወሰኑ። አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ ወዳጅ አታጣም፤ በተለይ ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው ቀለም ያልተነካ፣ ኦርጅናል ከሆነ፣ ገዢው ለዚያ ብሎ ጨምሮ ይከፍላል። የሐጂ ቮልስ አንድ ጊዜም ተቀብታ አታውቅም።

«ልጆቼ፣ ከዒድ በኋላ መጥቶ የሚያያት ሰው አለ። እንደ መስታወት አድርጉልኝ» ብለው ቁልፉን ሰጡን።

ዒድ ሁለት ቀን ሲቀረው ከዐስር በኋላ ቮልሷን ገፍተን ከግቢው በር ላይ አውጥተን ጀመርን። ያደረግነውን ሳንደብቅ እንንገራችሁ። መጀመሪያ ለሳምንታት የተከመረባትን አቧራ በደረቅ ጨርቅ አራገፍነው። ቀጥለን በአንድ ባልዲ ኦሞ በጥብጠን፣ ጎማውን ባሸንበት ስፖንጅ ጣሪያዋን አሸን። በአሮጌ ካናቴራ አደረቅናት። እዚህም እዚያም ጠብ ብሎ የደረቀ ሲሚንቶ ነበር፤ «ማሽኑ ያነሳዋል» ብለን አለፍነው። ከዚያ ፖሊሹን ቀብተን ማሽኑን አስነሳን። ጾሙ አዝሎናል፤ መግሪብ ሳይደርስ ለመጨረስ እንጣደፋለን። የማሽኑ ስፖንጅ ሰማያዊ ሲሆን ቆሻሻው እየለቀቀ መስሎን ደስ አለን።

ከመንገዱ ማዶ የሚቀመጥ አንድ ሊስትሮ ልጅ ነበር። ሲያየን ቆይቶ «እናንተ፣ ጫማ በደንብ ሳይታጠብ ቀለም ይቀባል እንዴ?» አለን። ሳቅንበት። «ይሄ መኪና ነው ባክህ» አልነው።

አዛን ሲባል ጨርሰን ነበር። በምሽቱ ብርሃን ቮልሷ ታበራለች። ሐጂ ቴምር ይዘውልን ወጡ፤ እጃቸውን ክዳኗ ላይ አሳልፈው «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» አሉ። 1,500 ብር ቆጥረው ሰጡን።

የዒድ ጠዋት ሰግደን ከስታዲየም ስንመለስ ፀሐይዋ ከፍ ብላለች፤ ቮልሷ በር ላይ ቆማለች። ጠጋ ስንል ሦስታችንም ቆምን። ከፊት ክዳኗ እስከ ጣሪያዋ ክብ ክብ ጭረት ሞልቷታል፤ ሸረሪት ድር ያደራባት ትመስላለች። ወደ ግራ ስንሄድ ድሩ ፀሐይዋን ተከትሎ አብሮን ይሄዳል፤ ወደ ቀኝ ስንመለስ ይመለሳል። ሲሚንቶው የነበረበት ቦታ ደግሞ ማሽኑ ፍርፋሪውን እየጎተተ የሄደበት ረጅም ጭረት አለ። ሐጂ ይህን ሁሉ አያዩትም። ለዒድ የመጣውን እንግዳ ሁሉ እየጠሩ «እነዚህ ልጆች ናቸው እንዲህ ያደረጓት» እያሉ ያሳዩናል። እንግዳው ቮልሷን ያያል፣ እኛን ያያል፣ ዝም ይላል። ያን ቀን የበላነው አልጣመንም።

ማታ ሥራውን ያውቃል ለተባለ ልጅ ደወልን። «ይሄማ ቀላል ነው» አለን። «ዘይት የበዛበት ፖሊሽ አለ፤ እሱን ቀቡት። ጭረቱን ሞልቶ ይደብቀዋል፤ ሁለት ሦስት እጥበት ይቆያል። ገዢው እስኪወስዳት ይበቃችኋል።» ልጁ አልዋሸንም፤ እንዲህ ያለ ፖሊሽ አለ፤ የሚሠራበትም ብዙ ነው። ከሦስታችን አንዱ «እንቀባው» አለ፤ አንዱ «አይሆንም» አለ፤ አንዱ ዝም አለ። ማን የትኛውን እንዳለ አንጽፍም፤ ሌሊቱን ስንከራከር ሦስታችንም በየተራ ሦስቱንም ብለናል። «ገዢው ዓይን የለውም እንዴ? አይቶ አይደል የሚገዛው?» ተባለ። «ቮልሷ አሮጌ ናት፤ ጭረት ባይገኝባት ነው የሚገርመው» ተባለ። በመጨረሻ የያዘን አንድ ነገር ነው። ሐጂ ራሳቸው ማየት ስለማይችሉ የእኛን ዓይን አምነው ቁልፉን ሰጡን። የእኛ ዓይን ደግሞ አይቷል። ከዚያ በኋላ ዝም ብንል አማና በልተናል ማለት ነው።

በማግስቱ ከዙህር በኋላ ሄድን።

«ሐጂ፣ ቮልሷን አበላሽተንብዎታል።»

«የት ጋ?»

እጃቸውን ይዘን ክዳኗ ላይ አሳረፍነው።

«ምንም አይሰማኝም።»

«በእጅ አይሰማም ሐጂ፤ በፀሐይ ይታያል።»

ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ሙስበሓቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት። ከዚያ «ጋሼን ጥሩልኝ» አሉ።

ጋሼ ዕድሜያቸውን በሙሉ መኪና ሲቀቡ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ወርክሾፓቸው ዶሮ ማነቂያ ነበር፤ ያኔ ፈርሶ ዕቃቸውን በሁለት ሳጥን ልጃቸው ቤት አስቀምጠውታል። ከሐጂ ጋር አብሮ አደግ ናቸው። በዚያ ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ አብረው ነበር የገቡት፤ እኛ ፈትተን እሳቸው ገና በጾም ላይ ስለነበሩ ሐጂ ቤት የቀረበውን የዒድ ምግብ ሳይነኩ ቡና ብቻ ጠጥተው ወደ ቮልሷ ወጡ።

እንደሚቆጡን ጠብቀን ነበር። ከኪሳቸው አንድ ስስ ፌስታል አወጡ፤ እጃቸውን ከተቱበትና የቮልሷን ጣሪያ በጣታቸው ጫፍ ቀስ ብለው ዳሰሱ። «ኑ፣ ሞክሩት» አሉን። በባዶ እጅ ሲነኩት ልስልስ ያለው ቀለም በፌስታል ሲነካ የብርጭቆ ወረቀት ይመስላል። ፌስታሉ የጣታችንን ላብና መጎተት ስለሚከለክል ትንሹ ሻካራ ነገር ሳይቀር ይሰማል። «ታጥቦ ነው ይሄ?» አሉ ጋሼ። ቀጠሉና «ስፖንጃችሁ ላይ ያያችሁት ሰማያዊ ቆሻሻ አይደለም፤ ቀለሟ ነው። ፖሊሽ የሚጨምረው ነገር የለም። ይቀንሳል እንጂ» አሉን።

ይቺን ነገር ብዙ ሰው አያውቃትም፤ እኛም አናውቅም ነበር። ፖሊሽ ቅባት ወይም ቀለም ይመስላል፤ በውስጡ ያለው ግን እጅግ የደቀቀ የሚሞርድ ዱቄት ነው። የሚያበራው የቀለሙን የላይኛውን ገጽ በጥቂቱ እየፋቀ ስለሚያስተካክለው ነው። የሚፋቀው ደግሞ ብዙ አይደለም። በዛሬዎቹ መኪናዎች ላይ ከብረቱ በላይ ያለው የፋብሪካ ቀለም ሁሉም ተደምሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ 1 ማይክሮን የ1 ሚሊ ሜትር 1,000ኛ ክፍል ነው። ከላይ ያለው ክሊር የሚባለው መስታወት መሳይ ልባስ ከዚያ ውስጥ 40 ወይም 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ ከራስ ፀጉራችን ይሳሳል። እንደ ሐጂ ቮልስ ያሉ የድሮ መኪናዎች ደግሞ ክሊር የሚባል የላቸውም። ከላይ ያለው ራሱ ቀለሙ ነው፤ ስፖንጁ ሰማያዊ የሆነውም ለዚህ ነው። ከመኪናዋ ላይ ቀለም መነሳቱ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ በድሮ ቀለም ላይ ያለ ነው። የእኛ ጥፋት ያለ ዝግጅት በከንቱ ማንሳታችን ነበር። ያ ቀለም ከፋብሪካ የወጣው አንዴ ነው፤ ያነሳነውን መልሰን አንለጥፈውም።

አሁን አቧራውን አስቡት። በአቧራና በአሸዋ ውስጥ ኳርትዝ የሚባል ማዕድን አለ፤ በማዕድን ጥንካሬ መለኪያ ከ10 ላይ 7 ነው። የመስኮት መስታወት 5 ተኩል ገደማ ነው። መስታወት የሚጭር ነገር ቀለምን ምን እንደሚያደርገው ግልጽ ነው። በደረቅ ጨርቅ ስናራግፈው ያራገፍን መሰለን እንጂ ጨርቁ ሥር አድርገን ነበር የጎተትነው። የሲሚንቶ ዱቄት ደግሞ ውኃ ሲያገኝ ይጠጥራል፤ ውኃው ውስጥ ሲበጠበጥም የእጅ ቆዳ እስኪቆስል የሚያቃጥል ነው፤ ቀለም ላይ ሲቆይ ያደበዝዛል። ከፒያሳ ቸርችል ጎዳናን ወደ ታች የሚወርድ ሹፌር ሁሉ ደግሞ ፍሬን ይረግጣል፤ ከፍሬኑ የሚበነው ትኩስ የብረት ብናኝ ቀለም ላይ አርፎ ይሰካል፣ እዚያው ይዝጋል። የዛፍ ሙጫ፣ የአስፋልት ሬንጅ፣ የወፍ ኩስ ጨምሩበት። እነዚህ በሳሙና አይለቁም። ሳይለቁ ማሽን ከተነሳባቸው ማሽኑ በፖሊሹ ፈንታ እነሱን ይዞ ይዞራል። ሊስትሮው ልጅ ያለን ይህንኑ ነበር።

ሐጂ ገዢውን ጥቂት ቀን አስጠበቁት። እኛም በጋሼ አዛዥነት ሁለት ቀን ሙሉ ሠራን። ለእናንተም እንዲጠቅም በቅደም ተከተል እናስቀምጠው።

1ኛ፦ አቧራ ያለበትን መኪና በደረቅ እጅም በደረቅ ጨርቅም አለመንካት። ጥላ ሥር አቁሞ፣ ብረቱ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ፣ ከጣሪያ ጀምሮ ውኃ ማፍሰስ። የሚነካ ሳይኖር ውኃው ብቻውን የሚወስደውን ይውሰድ። ፒያሳ ውኃ በጄሪካን የሚገዛበት ቀን እንዳለ እናውቃለን፤ ቢሆንም መቆጠብ ካለብን በሌላው ይሁን፤ በዚህኛው ውኃ ላይ አይቆጠብም።

2ኛ፦ ሁለት ባልዲ። አንዱ የሳሙና፣ አንዱ የንጹሕ ውኃ። ስፖንጁ ቀለሙን ነክቶ ሲመለስ መጀመሪያ ንጹሑ ውኃ ውስጥ ገብቶ አሸዋውን ይተፋል፤ ከዚያ ወደ ሳሙናው ይገባል። የጎማና የጣሪያ ስፖንጅ ለየብቻ ነው። ስናሽ ከላይ ወደ ታች፣ ቀጥ ባለ መስመር እንጂ በክብ አይደለም። ኦሞም ሆነ ላርጎ ቀደም ሲል የተቀባውን ሰም ያነሳል፤ ፖሊሽ ሊደረግ ሲል ይህ ይጠቅማል፤ በየሳምንቱ ለሚታጠብ መኪና ግን የመኪና ሻምፖ ይሻላል።

3ኛ፦ ሲሚንቶና ሬንጅ። የደረቀ የሲሚንቶ ጠብታ በቢላ ወይም በጥፍር አይፋቅም። አቼቶን እኩል ከውኃ ጋር በርዘን፣ በጨርቅ ነክረን ጠብታው ላይ ለጥቂት ደቂቃ አሳርፈን፣ ሲላላ በብዙ ውኃ አጠብነው፤ ያልለቀቀውን ደገምነው። ባዶ ብረት የወጣበት ወይም ኒኬል ያለበት ቦታ ላይ አቼቶው እንዳይቆይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሬንጁን ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ አላልተን ወዲያው በሳሙና አጠብነው።

4ኛ፦ የተሰካው ብናኝ። ለብረት ብናኝ የሚረጭ ፈሳሽ አለ፤ ብረቱን ሲያገኝ ወደ ሐምራዊ ይለወጣል፤ ሳይደርቅ በውኃ ይታጠባል። እኛ ያን ጊዜ ስላላገኘን በክሌይ ብቻ ሠራን። ክሌይ ልጆች እንደሚጫወቱበት ሊጥ የሚመስል ነገር ነው፤ የመኪና ዕቃ መሸጫ ሱቆች ውስጥ ይገኛል። ቀለሙን በሳሙና ውኃ በደንብ አርጥበን ክሌዩን ሳንጫን እናንሸራትተዋለን። መጀመሪያ ይንቀረቀባል፣ ይይዛል፤ የተሰካው ሁሉ ሲነቀል ድምፁ ይጠፋና ሸርተት ይላል። በየጊዜው አጥፈን ንጹሕ ፊቱን እናወጣለን። አንዱ ጓደኛችን አንድ ጊዜ መሬት ጣለው፤ አንስቶ ሊያጥበው ሲል ጋሼ ቀምተው ወረወሩት። መሬት የነካ ክሌይ አሸዋ ይዟል፤ አይታጠብም፣ ይጣላል። የቀረችውን ግማሽ ለሁለት ቀን እንደ ዓይናችን ብሌን ጠበቅናት።

5ኛ፦ ማድረቅና ማየት። በንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ከደረቀች በኋላ እንደገና በፌስታል ዳሰስናት። ያ የብርጭቆ ወረቀት ጠፍቷል። ከዚያ በስልክ መብራት ከጎን እያበራን ጭረቶቹን አየን። ጥፍር ሲሄድበት የማይዘው ጭረት ብዙውን ጊዜ በፖሊሽ ይሄዳል። ጥፍር የሚይዘው ግን ጥልቅ ነው፤ እሱን አጠፋለሁ ያለ ቀለሙን ጨርሶ ሥሩን ያወጣል።

6ኛ፦ መሸፈን። ጎማዎቹን፣ የመስታወቱን ዙሪያ፣ በተለይ የብረቱን ጠርዞች በወረቀት ፕላስተር ሸፈንን። ቀለም ጠርዝ ላይ ስስ ነው፤ ማሽን ደግሞ ጠርዝ ላይ ይበረታል።

7ኛ፦ መሞከር። ትንሽ ቦታ መርጦ፣ በጣም ለስላሳ በሆነው ፖሊሽ ጀምሮ ማየት። በቃ ካለ በዚያው መቀጠል፤ ካልበቃ ብቻ ወደ ጠንከር ያለው መሄድ። የሞከርነውን ቦታ በውኃ በተበረዘ አልኮል ቀስ ብለን ጠርገን አየነው፤ ምክንያቱም የፖሊሹ ቅባት ጭረትን ይደብቃል። ያ ልጅ በስልክ የነገረን መደበቂያ ይኸው ነው። እኛ አሁን የምንጠርገው ቅባቱ ራሳችንንም እንዳያታልለን ነው።

ከሁለቱ ቀን ውስጥ ማሽኑ የተነሳው በሁለተኛው ቀን ከዙህር በኋላ ነው። ዐስር ሳይደርስ አለቀ። በመጨረሻ ሰም ቀባናት።

ድሩ ጠፋ። ሰማያዊዋ በልጅነታችን እንደምናውቃት ሆነች። የፊት ክዳኗ ላይ ያለው ረጅሙ ጭረት ግን ቀረ፤ ጥፍር ይይዛል። ጋሼ «ይቺን አትንኳት» አሉ።

ገዢው መጣ። ዞሮ አያት፤ ወደዳት። እኛ ዋጋ ሲነጋገሩ ራቅ ብለን ቆመናል። ሐጂ ጠሩንና ለሰውየው «ጭረት አለባት። እኔ አላየውም፤ የት እንዳለ ልጆቹ ያሳዩሃል» አሉት። ወስደን አሳየነው፤ እንዴት እንደመጣም ነገርነው። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ጥፍሩን አሳለፈባት፤ ከዋጋው ላይ ቀነሰ፤ ወሰዳት። ቮልሷ መታጠፊያው ጋ እስክትሰወር ሐጂ በር ላይ ቆመው ድምፅዋን አዳመጡ።

ማታ 1,500 ብሩን ይዘን ሄድን። «ይቅር፣ ያዙት» ይሉናል ብለን በልባችን ጠብቀን ነበር፤ እንዋሻለን እንዴ? ሐጂ ብሩን ተቀበሉ፤ አንድ በአንድ በጣታቸው እየዳሰሱ ቆጠሩት፤ ኪሳቸው ከተቱት። «ጀዛኩሙላህ ኸይር» ብለው ሻይ አዘዙልን። ስለ ቮልሷ ዳግመኛ አላነሱም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ የማናውቀው ወጣት መኪና ይዞ መጣ። የሐጂ የወንድም ልጅ ነው። ቁልፉን ሲሰጠን እየሳቀ «አጎቴ መጀመሪያ በፌስታል ይንኩት ብለውሃል» አለ።

ዛሬ የድሮው ቦታችን ላይ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ተነጥፎበታል፤ እኛም ከፒያሳ ሳንወጣ ወደ አንድ ጓሮ ገብተናል። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ከ2016 ጀምሮ ስለተከለከለ ሰው ያለችውን መኪና መንከባከብ ይዟል፤ ፖሊሽ የሚፈልግ በዝቷል፤ አልሐምዱሊላህ። ግን የሚመጣውን ሁሉ አንቀበልም። «በአንድ ሰዓት ጨርሱልኝ» ለሚለን አጥበን እንሰጠዋለን እንጂ ማሽን አናነሳበትም። ቀለሟ ከሳሳች «ከዚህ በላይ አትነካም» እንለዋለን። በዚህ ያጣናቸው ደንበኞች አሉ። ሌላ ቦታ ወስደው በአንድ ሰዓት አብርተው ይመጡና «አያችሁ?» ይሉናል። እናያለን፤ የምናየውን ለባለቤቱ እንነግረዋለን፤ አንዳንዱ ይቀየመናል።

በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ወንድሞቻችን፣ የእናንተንም ልምድ ጻፉልን፤ በተለይ ውኃ በማይገኝበት ከተማ ያላችሁ አቧራውን እንዴት እንደምታወርዱት ማወቅ እንፈልጋለን። መኪና ላላችሁ ደግሞ አንድ አደራ አለን፤ ጠዋት ስትነሱ ኮፈኑ ላይ አቧራ ካያችሁ በእጅጌያችሁ አትጥረጉት።

ሊስትሮው ልጅ ዛሬም አለ። ይቅርታ ልንጠይቀው የሄድን ቀን ጫማችንን አውልቁ አለን። ጭቃውን በብሩሽ አራገፈ፤ በሳሙና አጠበ፤ በጨርቅ አደረቀ፤ ፀሐይ ላይ አስቀምጦ ሌላ ሰው ማስተናገድ ጀመረ። «ቀለሙስ?» አልነው።

«ይድረቅ እንጂ» አለ።